ፊልም በፖስታ ይከራዩ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

ቢኒ ገርጂ ጠየቀ፦

ሰላም ቤተሰብ። አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው።

ቨርጂኒያ ያለች አክስቴ ባለፈው ሳምንት ሰው ሲመጣ ሻንጣ ሙሉ ዕቃ ላከች። ጫማ፣ ቫይታሚን፣ የእናቴ የጉልበት ቅባት፣ የልጆች ልብስ። ከልብሱ መሃል አንድ ቀይ ፖስታ ዱብ አለ። ስስ ወረቀት ነው። ውስጡ ሌላ ነጭ ከረጢት አለ። ወረቀት ይመስላል፣ ግን ብትጎትተው አይቀደድም። ከረጢቱ ውስጥ ዲቪዲ። ማቀፊያ የለው፣ ሥዕል የለው፣ ባዶውን። ፖስታው ላይ ኔትፍሊክስ ይላል።

እኔ ኔትፍሊክስ የማውቀው ስልክ ላይ ነው። እሱንም ዱባይ ያለው ወንድሜ በሚከፍለው፣ ለአምስት ተሻምተን ነው የምናየው። አክስቴ ጋ ደውዬ ብጠይቃት "ድሮ ፊልም በፖስታ እንከራይ ነበር፣ ያ የመጨረሻው ነው" ብላ ሳቀች። ሥራ ልትገባ ስለነበር ቶሎ ዘጋችው።

እንዴት ነው ፊልም በፖስታ የሚከራየው? እዚህ እኮ ደብዳቤ እንኳ ቤት አይመጣም። ሳጥን ቁጥር ያለው ሰው ሄዶ ነው የሚያወጣው። እዚያ ፖስተኛው ፊልም በር ላይ ጥሎ ይሄዳል? ማን ነው የሚመልሰው? ሰው ዝም ብሎ አያስቀረውም? አክስቴስ ሳትመልስ አስቀርታው ቢሆን? እናቴ "የሰው ዕቃ ቤቴ አይደር" እያለች መከራዬን እያሳየችኝ ነው።

ሰባራ ባቡር መለሰ፦

ቢኒ፣ ልጅ ነህ መሰለኝ። እኛ ሰፈር ቪዲዮ ቤት ነበር። መታወቂያ አስይዘህ ካሴት ትወስዳለህ። በማግሥቱ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ካልመለስክ የሁለት ቀን ሒሳብ ነው። ሳታጠነጥን ከመለስክ ደግሞ ባለቤቱ ሰው ፊት ያዋርድሃል። እኛ ቤት ዴክ ስላልነበረ ለበዓል ዴኩንም አብረን ነበር የምንከራየው። በፎጣ ጠቅልለን፣ ሁለት ሰው ከፊት ከኋላ ሆኖ፣ እንደ ታቦት ይዘነው እንመጣለን።

ቀጥሎ ሲዲ መጣ፣ ከዚያ ፍላሽ ላይ ማስጫን መጣ። በፖስታ ይመጣል ብትሉን ኖሮ ፖስታ ቤቱ በር ላይ ነበር የምናድረው።

አሜሪካ ያላችሁ ንገሩት። እኔም ልስማ።

የሌሊት ፈረቃ መለሰ፦

ቢኒ፣ ጥያቄህን አይቼ ብቻዬን ሳቅኩ። እኔ እነዚያን ቀይ ፖስታዎች ስለቅም ያደርኩ ሰው ነኝ። ረዘም ስለሚል ቡናህን ይዘህ ተቀመጥ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ እናትህን አረጋጋልኝ። የሰው ዕቃ አይደለም። ኩባንያው የፖስታ ኪራዩን በ2023 ዘጋው። የመጨረሻዎቹ ዲስኮች የወጡት በሴፕቴምበር 29 ነው። ያን ጊዜ "እጃችሁ ላይ ያለው ይቅርላችሁ" ብሎ ለደንበኞቹ ጻፈ። ለተመዘገበ ሰው እንዲያውም ዕድሉ ከደረሰው እስከ 10 ዲስክ ድረስ ጨምሮ ልኳል። አክስትህ "የመጨረሻው ነው" ካለች ተፈቅዶላት ነው ያስቀረችው።

እኔ በ2003 ዲቪ ደርሶኝ መጣሁ። ትንሽ ቆይቼ ሜሪላንድ ውስጥ ደብዳቤ የሚለይበት ትልቅ አዳራሽ ገባሁ። ከማታው 4 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ተኩል ነው ፈረቃዬ። ያኔ ቀዩ ፖስታ መብዛት ጀምሯል። የፈረቃችን አበሾች "ዲቪ አመጣህ፣ ዲቪዲ አስቀረህ" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ልታይ የምትፈልገውን ፊልም ሁሉ ኢንተርኔት ላይ በተርታ ትመዘግባለህ። ዝርዝሩን "ወረፋ" ነው የሚሉት። እኔ ወረፋ የማውቀው ለስኳርና ለላምባ ነው። እዚህ ግን ፊልሙ ነው ተሰልፎ አንተን የሚጠብቀው። የእኔ ወረፋ አንድ ጊዜ 140 ደርሶ ነበር። ባለቤቴ ደግሞ እኔ ሥራ ስሄድ ገብታ የራሷን ፊልሞች ከላይ ትሰካለች። ጠዋት ስመለስ ጦርነቱ ሁሉ ወርዶ ሠርግና ፍቅር ከላይ ተሰልፏል።

ያኔ በወር 20 ዶላር ገደማ ትከፍልና ሦስት ዲስክ ይላክልሃል። ብትፈልግ በአንድ ሌሊት እየው፣ ብትፈልግ ስድስት ወር አስቀምጠው። ቅጣት የለም። ግን አንዱን ሳትመልስ አራተኛው አይመጣም። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። ማንም ሳይጨቀጭቅህ ራስህ ትመልሳለህ። ካልመለስክ በየወሩ የምትከፍለው ለባዶ ነዋ።

ቀዩ ፖስታ መምጫም መመለሻም ነው። የአንተ አድራሻ ያለበትን ክንፍ ቀድደህ ስትጥል ከሥሩ የኩባንያው አድራሻ ይወጣል። የመመለሻው ሒሳብ ተከፍሏል። ዲስኩን መልሰህ ትከትና ታሽገዋለህ። ደጅህ ያለው የፖስታ ሳጥን ጎኑ ላይ አንዲት ትንሽ ባንዲራ አለችው። እሷን ቀና ካደረግካት ፖስተኛው የሚወሰድ ነገር እንዳለ ያውቃል። አምጪውም ወሳጁም ያው አንድ ሰው ነው። አንተ ጫማ እንኳ አታጠልቅም።

አሁን ወደ እኛ አዳራሽ ልውሰድህ።

ደብዳቤ የሚለየው ማሽን በሰዓት ከ30,000 በላይ ፖስታ ያልፍበታል። በቀበቶና በቀበቶ መካከል ቆንጥጦ ነው የሚያስፈነጥረው። የሚመለሰው ቀይ ፖስታ ግን ክንፉ ልል ነው። ቀበቶው ሲቆነጥጠው ክንፉ ይነሳና ይሰነቀራል። ማሽኑ ቀጥ ይላል። ከኋላ የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ እንደ አኮርዲዮን ይታጠፋል። ስለዚህ ተመላሹን በእጅ ነበር የምንለቅመው። ይሄ የእኔ ወሬ ብቻ አይደለም። የፖስታ አገልግሎቱ መርማሪ ቢሮ በ2007 ሒሳቡን ሠርቶ አውጥቶታል። ይሄ የእጅ ሥራ በሁለት ዓመት ውስጥ 41.9 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል። እንዲህ በሚያስቸግረው ተመላሽ ላይ 17 ሳንቲም ይጨመርበት ብሎም ሐሳብ አቅርቦ ነበር።

ሰኞ ሌሊት የጉድ ነው። አገሩ ቅዳሜና እሑድ ያየውን ሁሉ እኛ ላይ ይደፋዋል። ቀዩን ከነጩ መሃል እየመዘዝክ በፕላስቲክ ሣጥን ትደረድራለህ። አቁመህ፣ ፊቱን ወደ አንድ አቅጣጫ አድርገህ። ሁለት ሰዓት እንደሠራህ ዓይንህን ብትጨፍን የሚታይህ ቀይ ነው። ጣትህም ይለምዳል። በወረቀቱ ላይ የዲስኩ ክብ ይታወቅሃል፣ መሃሉ ላይ ያለችው ቀዳዳ ሳትቀር። አንዳንዴ ክቡ ሁለት ግማሽ ሆኖ ይዳሰሳል። ተሰብሯል ማለት ነው። ከአሁን አሁን ደረሰኝ ብሎ የሚጠብቀው ባለ ወረፋ ያሳዝነኝ ነበር።

ንጋት ላይ የኩባንያው መኪና ሣጥኖቹን ጭኖ ይሄዳል። የሚሄደው በሩ ላይ ስም ያልተጻፈበት መጋዘን ነው። እዚያ ያሉ ሠራተኞች እያንዳንዱን ፖስታ በእጅ ይቀድዱታል። ዲስኩን ገልበጥ አድርገው ያዩታል፣ ይጠርጉታል፣ ኮዱን ያስነብባሉ። ብዙው ዲስክ መደርደሪያ እንኳ አያይም። ጠዋት የገባው የዚያኑ ዕለት በሌላ ፖስታ ለሌላ ሰው ይወጣል። በየት በኩል? ያው በእኛ በኩል ነዋ። አንዳንድ ሌሊት "ይቺን ትናንትም ነክቻታለሁ" እል ነበር። በምን አውቄ!

አጀማመሩ ደስ ይላል። ሪድ ሄስቲንግስና ማርክ ራንዶልፍ የሚባሉ ሁለት የካሊፎርኒያ ሰዎች ናቸው። ዘመኑ 1997 ነው። ያኔ የቤት ፊልም ማለት ካሴት ነው፣ ሩብ ኪሎ የሚጠጋ ፕላስቲክ። በፖስታ ልላክ ብትል መላኪያው ኪራዩን ይበላዋል። ካሴቱም ራሱ ውድ ነበር። አዲስ ፊልም ለኪራይ ቤቶች የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ከ60 ዶላር በላይ ነው። ዲቪዲ አሜሪካ ገበያ የገባው በዚያው ዓመት ነው፣ በ20 ዶላር ገደማ። ሰዎቹ ዲቪዲ እጃቸው ስላልነበረ የሙዚቃ ሲዲ ገዙ። በሰላምታ ካርድ ፖስታ ከተው፣ የ32 ሳንቲም ቴምብር ለጥፈው ወደ ሄስቲንግስ ቤት ላኩት። በማግሥቱ ሳይሰበር ደረሰ። ተጀመረ።

አንድ ዲስክ 16 ግራም ገደማ ይመዝናል። አንድ ቴምብር የሚሸከመው እስከ 28 ግራም ነው። ሁለት ስስ ወረቀት ብትጨምርበት እንኳ አያልፍም። የኩባንያው ሀብት ሁሉ በዚያች 12 ግራም ውስጥ ነው ያደገው ብል ማጋነን አይደለም።

ድረ ገጹ በኤፕሪል 14፣ 1998 ሲከፈት 925 ፊልም ገደማ ነበረው። ከዚያ በፊት በማርች የላኩት የመጀመሪያ ዲስክ ቢትልጁስ የሚባል ፊልም ነው። መጀመሪያ በየፊልሙ ያስከፍሉ ነበር፣ አላዋጣም። በ1999 ወርሃዊ ክፍያው ሲመጣ ነው ነፍስ የዘራው። "ሄስቲንግስ 40 ዶላር ቅጣት ተቀጥቶ ተናዶ ነው የጀመረው" የሚል ተረት ታገኛለህ። ራንዶልፍ ራሱ ለወሬ የተመቸ ነው እንጂ እንዲያ አልነበረም ብሏል።

ሥራ ሰዓቴ ደረሰ። (አሁን ቀን ነው የምሠራው፣ ስሜን ብቻ አልቀየርኩም።) የቀረውን ማታ።

የለንደኗ መለሰች፦

ጋሼ፣ እዚህም ነበር እኮ! እኛ ጋ ላቭፊልም ነው የሚባለው። እንግሊዝ አገር ፖስታ የሚገባው በሩ ላይ ባለው ቀዳዳ ነው። ጠዋት ቁልቁል ስወርድ ምንጣፉ ላይ ወድቆ አገኘዋለሁ። ከሁለት ኤርትራውያን ልጆች ጋር ነበር ቤት የምንጋራው። አንድ ክፍያ፣ ሦስት ሰው። ያለ ጠብ ያለፈ ወር የለም።

አማዞን በ2011 ጠቅልሎ ገዛው። በ2017 ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ተዘጋ።

እኔ ግን አንድ የኢራን ፊልም ለሰባት ወር አስቀምጬ አውቃለሁ። "ዛሬ አየዋለሁ፣ ነገ አየዋለሁ" እያልኩ። በየወሩ እየተቆረጠብኝ! በመጨረሻ ሳላየው መለስኩት። ጋሼ፣ ኩባንያዎቹ እንደ እኔ ያለውን ሞኝ ሳይወዱ አይቀሩም አይደል?

ቢኒ ገርጂ መለሰ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እናቴ ቀይ ፖስታውን ከቡፌው ላይ አስቀመጠችው። አሁን ለመጣ እንግዳ ሁሉ እያሳየች ነው።

ግን ሦስት ነገር። አንደኛ፣ በመንገድ አይሰረቅም ነበር? ሁለተኛ፣ ሰው የተሳሳተ ዲስክ ቢመልስስ? ሦስተኛ፣ እንዲህ ጥሩ ከነበረ ለምን ቀረ? ስልክ ላይ ስለሚታይ ነው ብለን እንለፈው?

የሌሊት ፈረቃ መለሰ፦

እህቴ የለንደኗ፣ ልክ ነሽ። ሰባት ወር ያስቀመጥሽው ዲስክ ለኩባንያው በረከት ነው። ሒሳቡን አስቢው። በየቀኑ አይቶ በየቀኑ የሚመልስ ሰው በወር ሃያ ዲስክ ሊያስልክ ይችላል። ለእያንዳንዱ መሄጃና መምጫ ቴምብር አለ። ከእሱ ትርፍ የለም። አንቺ ግን ከፍለሽ ትተኛለሽ። ኔትፍሊክስ ይሄንን በ2005 በውሉ ላይ በግልጽ ጽፎታል። ከፊልሙ አንድ ቅጂ ብቻ ቀርቶ ሁለት ሰው ቢፈልገው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ትንሽ ለሚከራየው ነው። ብዙ የሚያየው ይጠብቃል። ጎበዝ ተማሪ የሚቀጣበት ትምህርት ቤት በለው።

ቢኒ፣ ስለ ስርቆት። ዲስኩ ያለ ሥዕል፣ ያለ ማቀፊያ መላኩ አንዱ ምክንያቱ ክብደት ነው። ግን ለሌባም አይመችም። ባዶ ዲስክ ማን ይገዛሃል? ጠፋ ካልክም ብዙ አይመረምሩህም። ኢንተርኔት ላይ "አልደረሰኝም" የሚለውን ትነካለህ፣ ሌላ ይመጣል። እኔ በዚያ ሁሉ ዓመት የጠፋብኝ ሁለት ነው። አንዱን ሶፋ ስናወጣ ከሥሩ አገኘነው።

የተሳሳተ ዲስክ? ጉዴን ልንገርህ። የባለቤቴ ታናሽ እህት ባሕር ዳር ተሞሽራ የሠርጉ ዲቪዲ በሰው መጣልን። ባለቤቴ ሦስት ጊዜ አይታ አልጠገበችም። ልጄ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነው፣ ፖስታ ማሸግ የእሱ ሥራ ነበር። ማሸግ ይወዳል፣ ምላሱን አውጥቶ ነው የሚያሽገው። አንድ እሑድ ማጫወቻው ውስጥ ያለውን አውጥቶ ነጩ ከረጢት ውስጥ ከተተና ላከው። ሰኞ ሌሊት እኔ አዳራሽ ውስጥ ቀዩን ስለቅም ነው የማድረው። የሚስቴን እህት ሠርግ በገዛ እጄ ወደ ሣጥኑ ደርድሬ ሸኝቼው ይሆናል። ማክሰኞ ባለቤቴ ማጫወቻውን ስትከፍት ባዶ። ከጎኑ ደግሞ መመለስ የነበረበት የመኪና ሽሽት ፊልም ተቀምጧል። ቤቱ ሐዘን ቤት ሆነ።

ለኩባንያው ጻፍን። ምን ብለን? "ነጭ ዲስክ ነው፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ በአማርኛ ተጽፎበታል።" ከሦስት ሳምንት በኋላ በተራ ነጭ ፖስታ መጣ። እንዴት እንዳገኙት እስካሁን ይገርመኛል። በአማርኛ የተጻፈበት መሆኑ ሳያድነን አልቀረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሸግ የእኔ ሥራ ሆነ።

በነገራችን ላይ የአማርኛ ፊልም በቀዩ ፖስታ መጥቶልኝ አያውቅም። እሱን ከአበሻ ሱቅ ነው የምንገዛው፣ ከእንጀራውና ከበርበሬው ጎን ተደርድሮ።

አሁን ለምን ቀረ ወዳልከው። በስልክ ስለሚታይ ብለን እንዳናልፈው፣ እኔ የምከራከረው እዚህ ላይ ነው።

አሜሪካ ውስጥ አንድ ሕግ አለ። መጽሐፍም ሆነ ዲስክ አንዴ በሕጋዊ መንገድ ከገዛኸው ያቺ ቅጂ ያንተ ናት። ብትፈልግ ሽጣት፣ ብትፈልግ አውሳት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1908 በአንድ መጽሐፍ ክርክር ላይ ነው ይሄንን የወሰነው፣ በኋላም በቅጂ መብት ሕጉ ውስጥ ገባ። ስለዚህ ኔትፍሊክስ የትኛውንም ዲቪዲ እንደ ማንም ሰው ገዝቶ ማከራየት ይችላል። የፊልሙ ባለቤት ፈቀደ አልፈቀደ አይመለከተውም። ለዚህ ነው ክምችቱ እስከ 100,000 ርዕስ የደረሰው። የጃፓን ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ የፖላንድ ፊልም፣ ስለ ንብ እርባታ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም፣ አንድ ዲስክ ካለ ወረፋ ውስጥ ይገባል።

በኢንተርኔት ሲሆን ይሄ ሕግ አይሠራም። የምትገዛው ዲስክ የለም፣ ፈቃድ ነው። ፈቃድ ደግሞ በዓመት ተቆጥሮ ይከፈልበታል፣ ሲያልቅ ይነሳል። "ትናንት የነበረው ፊልም የት ሄደ?" የምትለው ለዚህ ነው። ፖስታው ቀርፋፋ ነበር እንጂ ድሃ አልነበረም። አሁን ያለው ፈጣን ነው፣ መደርደሪያው ግን የሌላ ሰው ነው።

ብሎክባስተር የሚባለውን የፊልም ኪራይ ቤት ሰምተህ ይሆናል። በ2000 የኔትፍሊክስ ሰዎች ዳላስ ድረስ ሄደው "በ50 ሚሊዮን ዶላር ግዙን" ቢሉት እምቢ አለ። በ2004 ከ9,000 በላይ ሱቅ ነበረው፣ በ2010 ከሰረ። ሁሉም "ተኝቶ ነው" ይላል። እኔ አልስማማም። በ2006 መጨረሻ ላይ በፖስታ የመጣውን ዲስክ ሱቅ ሄደህ በነፃ ቀይር የሚል ነገር አመጣ። ጎረቤቶቼ እየተዉ ሄዱ። ኔትፍሊክስ በ2007 አጋማሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ደንበኛው ቀነሰበት። ግን ብሎክባስተር በየቅያሬው ይከስር ነበር። ውስጡም ጠብ ነበር። ዋናው ሥራ አስኪያጅ ጆን አንቲዮኮ ካርል አይካን ከሚባለው ባለ አክሲዮን ጋር በጉርሻው (በቦነሱ) ተጣልቶ በዚያው ዓመት ወጣ። አዲሱ ሰው ዋጋውን ጨመረ። በቃ። የአንድ ሰው የጉርሻ ክርክር ባይነሳ ዛሬ የምናወራው ስለ ሌላ ኩባንያ ሊሆን ይችል ነበር።

ፖስታውን የገደለው ግን ብሎክባስተር አይደለም፣ ባለቤቱ ራሱ ነው። ስሙን ተመልከተው እስኪ፣ መጀመሪያውንም ኢንተርኔት የሚል ነው። ፖስታው መሻገሪያ ድልድይ ነበር። በጃንዋሪ 2007 በኢንተርኔት ማሳየት ጀመረ። በፌብሩዋሪ ደግሞ አንድ ቢሊዮንኛውን ዲስክ ላከ። በ2011 ሁለቱን ለያይቶ ለየብቻ አስከፈለ። 10 ዶላር የነበረው 16 ሆነ። ሰው ጮኸ። በሴፕቴምበር ሄስቲንግስ ወጥቶ "ይቅርታ" አለና በዚያው አፉ "የፖስታው ክፍል ከጥቂት ሳምንት በኋላ ስሙ ክዊክስተር ይሆናል፣ ድረ ገጹም ሌላ ነው" አለ። እንዲህ ያለ ይቅርታ ሰምተህ ታውቃለህ? የጠፋውን ከብት ፈልግ ብለኸው የቀረውንም ነድቶ የሄደ እረኛ በለው። በ23 ቀን ውስጥ ሐሳቡን ተወው። በዚያ ሦስት ወር ግን 800,000 ደንበኛ ሄዷል።

እኛ አዳራሽ ውስጥ ዜና አያስፈልገንም ነበር። ሰኞ ሌሊት ራሱ ይናገራል። አሥር ሣጥን የነበረው ስምንት ሆነ፣ ከዚያ አምስት። በ2012 ፖስታ ቤቱም መለያ አዳራሾችን ማጠፍ፣ በማግሥቱ የሚደርሰውን ደብዳቤም መቀነስ ጀመረ። ዓርብ እንዲደርስህ ያሰብከው ዲስክ ሰኞ ይመጣል። ቅዳሜን ያለ ፊልም ያሳለፈ ሰው ደንበኝነቱን ያቋርጣል። ሃምሳ የሚያልፉት የኩባንያው መጋዘኖች ወርደው ወርደው መጨረሻ ላይ አምስት ቀሩ። ሲዘጋ የላከው ዲስክ ከ5.2 ቢሊዮን አልፎ ነበር።

እኔ እስከ መጨረሻው ቆይቻለሁ። ልጄ ትልቅ ሰው ሆኖ "አባዬ፣ አንተና ሦስት ሽማግሌዎች ናችሁ የቀራችሁት" ይለኝ ነበር።

ሰባራ ባቡር መለሰ፦

ጋሼ፣ በአሥር ጣትዎ ይባረኩ። ያ ልጅ ምላሱን አውጥቶ ሲያሽግ ታየኝ። ቢኒ፣ ዲስኩ ላይ ምን ፊልም አለ? ሳታየው ነው እንዴ የምትጠይቀን?

ቢኒ ገርጂ መለሰ፦

ማጫወቻ የለኝም እኮ። ላፕቶፔም የዲስክ ቦታ የለውም። ታች ያሉት ጎረቤታችን አሮጌ የቻይና ዲቪዲ አላቸው፣ የመዝሙር ቪሲዲ የሚያዩበት። እሱ ላይ ልሞክር?

የሌሊት ፈረቃ መለሰ፦

ሞክር። ዲስክ የሚሠራበት የዓለም ክፍል በቁጥር ተለይቷል፣ ሪጅን ይሉታል። የአሜሪካ ዲስክ ሪጅን 1 ነው፣ የእኛ አገር 5 ነው፣ ታዋቂዎቹ ማጫወቻዎች አይቀበሉትም። የቻይናው ግን አብዛኛውን ጊዜ አያማርጥም። ስታስገባው በጠርዙ ያዘው፣ ሆዱን አትንካው።

ቢኒ ገርጂ መለሰ፦

ሠራ! ሰውም ተሰብስቧል፣ እናቴ ቆሎ አምጥታለች። ግን ጥቁርና ነጭ ነው፣ ምስሉም ቁልቁል ይንሸራተታል። ፊልሙ የድሮ ነው ብዬ ዝም ልል ነበር፣ ሰዎቹ ግን የእጅ ስልክ ይዘዋል።

የሌሊት ፈረቃ መለሰ፦

ፊልሙ አይደለም። የቴሌቪዥን ምስል አሠራሩ እኛ ጋ ኤንቲኤስሲ የሚሉት ነው፣ እናንተ ጋ ፓል። ሪሞቱ ላይ ፒ/ኤን የሚል ቁልፍ ፈልግ፣ ደጋግመህ ተጫነው።

ቢኒ ገርጂ መለሰ፦

ሪሞቱ ከጠፋ ሦስት ዓመቱ ነው አሉ። በጥቁርና ነጭ እያየን ነው።